የሚሎራድ ሚካኤል

አንድ ጦርነት አስቁሜያለሁ። አትሳቁ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ፣ ዘይቱን ዛፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ የአውሮፓ ሚኒስትሮች በስብሰባ ያልፈቱትን ነገር ሠላሳ ሽማግሌ አሰልፌ ፈትቻለሁ። ልጄ ሔራን ይህን ለደንበኛ ስናገር በሰማች ቁጥር ከሱቁ ጓዳ ሆና «ሦስት! ሦስት ሽማግሌ!» እያለች ትጮሃለች። ይሁን፣ ሦስት። አንዳንዱ ሽማግሌ ግን ብቻውን ለዐሥር ይበቃል።

ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ከፈለ የከተማችን መርካቶ ውስጥ መስታወት ቆራጭና ፍሬም ሠሪ ነበር። ያኔ ጅማ ውስጥ መስኮት የተሰበረበት፣ የሰርግ ፎቶውን ግድግዳ ላይ መስቀል ያማረው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። የአልማዝ መቁረጫውን አንዴ ጎትቶ፣ መስታወቱን ከሥር በጣቱ ቆርቆር ሲያደርገው ጥርት ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ንጉሥ ቢያዝዝ እንደዚያ የሚታዘዝ ነገር አላየሁም። አጥራችን የሚያዋስነን ደግሞ ከሙሴ ሚሎራድና ከሚስቱ ከሲስተር ዝላታ ጋር ነበር።

ሁለቱ ዩጎዝላቪያ ከምትባል አገር መጥተው ጅማ ዐሥራ አራት ዓመት ኖረዋል። እሱ የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከሊሙ ገነት አጋሮ፣ ከአጋሮ ገራ ሲል ይሰነብትና፣ ልብሱ ሁሉ የኮመጠጠ የቡና ገለፈት እየሸተተ ይመለሳል። እሷ ክሊኒክ ውስጥ ክትባት ትሰጣለች። የበቾ ቦሬ ልጅ ሁሉ ክንዱ ላይ የሲስተር ዝላታ ማኅተም አለበት፤ የኔ ከሁሉም ይበልጣል።

እነሱ ቤት ገና ሁለት ጊዜ ነው። የእሷ ቀድሞ በታኅሣሥ አጋማሽ ይመጣል፤ የእሱ ከእኛው ጋር በሃያ ዘጠኝ። በእሷ ገና፣ ከማር የተጋገረ፣ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ዙሪያውን በነጭ ስኳር ልክ እንደ ጥልፍ የተጠለፈ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ዳቦ ታድለናለች። መሐሉ ላይ ጥፍር የምታክል መስታወት ትለጠፋለች፤ እሷን ከቁርጥራጭ የሚያወጣው አባቴ ነው። በክሮአቶች አገር ጎረምሳው ለሚወዳት ልጅ የሚሰጠው ነው አሉ፤ መስታወቷን ስታይ ራሷን እሱ ልብ ውስጥ እንድታገኝ። ይሰቀላል እንጂ አይበላም። እኔ በላሁት። ሁለት የፊት ጥርስ ከፍዬበታለሁ። (የወተት ጥርስ ነበሩ። ለነገሩ መነቃነቅ ጀምረው ነበር፤ ምትካቸው ግን ዓመት አስጠበቀኝ።)

ትልቁ ቀን ግን የእሱ ሚካኤል ነበር። ሙሴ ሚሎራድ ሰርብ ነው፤ በሰርቦች ዘንድ እያንዳንዱ ቤት ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው የራሱ ቅዱስ አለው። የእነ ሚሎራድ ሚካኤል ነው። ቀኑ ደግሞ ከእኛ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ጋር ይገጥማል። እናቴ መሳይ ይህን የሰማች ዕለት «ታዲያ ዝክር ነው አትለንም?» አለችው። እሱ ስላቫ ይለዋል፤ እኛ የሚሎራድ ሚካኤል አልነው፤ ሰፈሩም በዚያው ለመደው።

በዚያ ቀን ሲስተር ዝላታ፣ በራሷ ሃይማኖት የሌለ በዓል ቢሆንም፣ ላዩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ትልቅ ዳቦ ትጋግራለች። ስንዴ ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ ስኳርና ለውዝ ታደርግበታለች። እናቴ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ማንኪያ ቀምሳ «ንፍሮ ሰርግ ሲሄድ እንዲህ ነው የሚለብሰው» ብላለች። ረጅም ሻማ ይበራል። ዳቦውን ባለቤቱና እንግዶቹ ተያይዘው በክብ ያዞሩታል፣ ከዚያ ይቆርሱታል። ሁለት ሕግ አለ። አንደኛው፣ ለዚያ ቀን ማንም አይጠራም፤ የመጣ ሁሉ ግን ይገባል። ሁለተኛው፣ እንግዳ ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ባለቤቱ አይቀመጥም። ሙሴ ሚሎራድ፣ የዝሆን ያህል ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ሳህን ይዞ ቆሞ ይውላል።

ሲመሽ ሲል ከግድግዳው ላይ ጉስሌ የሚባለውን መሣሪያ ያወርዳል። አንገቱ ጫፍ ላይ የፈረስ ራስ ተቀርጾበታል፤ ክሩ አንድ ብቻ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ለይኩን መጀመሪያ ያዩት ዕለት፣ «ይሄማ መሰንቆ ነው! ከእኛ ሰርቀው ነው የወሰዱት» ብለው ነበር። ሙሴ ሚሎራድ ጉልበቱ ላይ አቁሞ እየገዘገዘ ስለ ድሮ ጀግኖችና ስለ ድሮ ጦርነት ያዜማል። ያኔ ብቻ እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል። አቶ ለይኩን አንገታቸውን እየወዘወዙ «የእኛ አዝማሪ በሁለት ስንኝ የሚጨርሰውን ይሄ ሰውዬ እስከ ራት ያደርሰዋል» ይላሉ።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ግን አገራቸው ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ያ ቀን ሊቀር ሆነ።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። እናቴና ጎረቤታችን እትዬ ዙሀራ አጥር ለአጥር ሆነው ያወራሉ፤ እኔ የማልሰማ መስዬ ገመድ እዘላለሁ።

«ለሙሴ ሚሎራድ ደብዳቤ መጣለት አሉ» አለች እናቴ። «ያባቱ ቤት ተቃጠለ። ሽማግሌውም አብረው ሞቱ።»

«ያ አላህ! የሷስ ወንድም ልጆቹን ይዞ ከከተማው ተሰደደ አይደል የሚባለው?»

«ተሰደደ።»

«የሱን ማን አቃጠለው?»

«የሷ ወገኖች።»

«የሷንስ ማን አባረረው?»

«የሱ ወገኖች።»

እትዬ ዙሀራ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። «ታዲያ እነሱ አንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ያድራሉ?»

እናቴ እኔን አየችኝና፣ «አንቺ፣ ውሃ ቅጂ» አለችኝ። በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።

የአንድ አገር ሰዎች መስለውኝ ነበር እኮ። እሱ ሰርብ፣ እሷ ክሮአት መሆናቸው እስከዚያ ቀን ድረስ የሁለት ገና ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ለልጅ ደግሞ ትርፍ እንጂ ጉዳት የሌለው ጉዳይ። አሁን ገባኝ አልኩ። አገራቸው ለሁለት ከተሰነጠቀ ቤታቸውም ይሰነጠቃል። አባቴ መስታወት ሲቆርጥ መስመሩ አንዴ ከተሰመረ እንደማይመለስ አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት ሙሴ ሚሎራድ ወደ ሊሙ ከመሄዱ በፊት ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆመ። ጢሙ አድጓል።

«ከፈለ፣ ዘንድሮ ሚካኤል የለም።»

«ሚካኤል እንዴት ይቀራል?» አለ አባቴ።

«ሻማ አላበራም። ያባቴ የሚካኤል ሥዕል ተቃጠለ። አባቴም የለም። ለማን ብዬ?»

«ለዝላታስ?»

ሙሴ ሚሎራድ የመፍቻ ሣጥኑን አንሥቶ ሄደ። ጉስሌውን ከግድግዳ አውርዶ በብርድ ልብስ እንደጠቀለለው እናቴ ነግራናለች። እኔ ያሳሰበኝ ስንዴው ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ለዓለም ሰላም የታገልኩት በአንድ ሳህን ስንዴ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ዝላታ መጣች።

«ጋሽ ከፈለ፣ ንጹሕ መስታወት እፈልጋለሁ። አረፋ የሌለው፣ ጭረት የሌለው። ሁለት ስንዝር በሦስት።»

«ለመስኮት ነው?»

«ለሚሎራድ። ለሚካኤል ቀን።»

«ሚካኤል የለም ብሎኛል እኮ።»

«እሱ የለም ይበል» አለች። ድምፅዋ መርፌ ስትወጋ «አያምም፣ አያምም» የምትለው ድምፅ ነበር።

ከዚያ መስታወቱን ምን እንደምታደርገው ለአባቴ ረጅም ነገር አስረዳችው፤ በትውልድ ቀዬዋ ገበሬው ሳይቀር መስታወት ላይ ይሥላል እያለች፣ በእጇ እየገለባበጠች። አባቴ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ በዚያ ሰዓት ግድግዳው ላይ በተደረደሩት መስታወቶች ውስጥ ዐሥራ ሁለት እኔን፣ ዐሥራ ሁለት ወይንሸቶችን፣ አግኝቼ ለሁሉም ምላሴን እያወጣሁ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልኖረ። ስለዚህ አለመስማቴም እንደ ሥራ ይቆጠርልኝ።

የእኛ ዘይቱን ዛፍ ግማሽ አካሉ በእነሱ ግቢ ላይ ያዘነብላል። ከላይኛው ቅርንጫፍ ሆኖ የሲስተር ዝላታን በረንዳ ማየት ይቻላል፤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ድረስም ያሳያል። መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ስትሥል አገኘኋት። የመስታወቱን አንድ ጥግ በሸፈነው የቀለም ጣሳ ላይ የሙሴ ሚሎራድን ፎቶ አስደግፋለች።

በመጀመሪያው ቀን ዓይን ሣለች። ፊት የለም፣ ግንባር የለም፤ ባዶ መስታወት ላይ ሁለት ዓይኖች ብቻ፣ ሽፋሽፍታቸው አንድ በአንድ የተቆጠረ። ከዚያ የጠጉር ዘለላ፣ የክንፍ ላባ፣ በግራ እጅ የተያዘ ሰይፍ። ዓይኖቹ የሙሴ ሚሎራድ ናቸው። ያ ከባድ ቅንድብ ሌላ ሰው ላይ አይበቅልም። ባሏን እየሣለች ነው፣ ክንፍም አብጅታለታለች፣ ብዬ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን የሥጋ መልክ ያለው ቀለም በጠበጠችና ዓይኖቹ ላይ ቀባችው። እዚያው ላያቸው ላይ! ሽፋሽፍት የለ፣ ብሌን የለ፤ ድምጥማጣቸው ጠፋ። ቅርንጫፉን ያዝኩት። ላባዎቹንም በነጭ ደፈነቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ወፍራሙን ብሩሽ አነሣች። ሰማያዊ ቀለም ከዳር እስከ ዳር፤ ሰውዬው፣ ክንፉ፣ ሰይፉ፣ ሁሉም ሰማያዊ ጎርፍ ውስጥ ሰጠሙ። እጇን በጨርቅ ጠረገችና ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዛፉ ወረድኩ ማለት አልችልም፤ ወደቅኩ። እንደወደቅኩም ወደ እትዬ ዙሀራ ሱቅ ሮጥኩ።

«እትዬ ዙሀራ! ሲስተር ዝላታ የባሏን ሥዕል ዓይኑን አጠፋችው! በቀለም ደፈነችው!»

«አስተግፊሩላህ! በዓይንሽ አየሽ?»

ይህን ጊዜ መቆም ነበረብኝ። ግን እሷ ስኳር መመዘኗን ትታ አፌን ታያለች፤ ሁለት ገዢዎችም ዞረው አፌን ያያሉ። ማን ይቆማል? «በጩቤም ወጋችው» አልኩ። «ሦስቴ። እየረገመችው።»

እኛ ሰፈር ወሬ በእግሩ አይሄድም፤ ባጃጅ ከመምጣቱ በፊትም ባጃጅ ነበረው። እናቴ ዘንድ ሲደርስ ጩቤው ሰባት ጊዜ ተሰንዝሯል። አቶ ለይኩን ዘንድ ሲደርስ ሥዕሉ ተቀብሯል። አባቴ ራቱን እየበላ ሁሉንም ሰማ፤ እኔን ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ።

«በዓይንሽ ነው ያየሽው?»

«በዓይኔ።»

«ቀለሙን መቀባቷን?»

«አዎ።»

«ጩቤውንስ?»

«እሱን... ከዛፉ ላይ በደንብ አይታይም።»

አባቴ እጁን ታጠበና፣ «መሳይ፣ ይሄ ነገር ሽማግሌ ያስፈልገዋል» አለ። እንዴት እንደኮራሁ! አባቴ ቃሌን ሰምቶ ሲነሣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሙሴ ሚሎራድ ኅዳር ዐሥራ አንድ ከሊሙ ገባ። በማግሥቱ ቅዳሜ ነው፤ ሚካኤል። እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ሰብስቦ ያጨሳል። ጅማ ታጥና፣ ጅሬን ኮረብታ እንኳ አልታይ ብሏል። በዚያ ጭስ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተራመዱ። ከፊት አቶ ለይኩን፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ቀጥሎ አባ ሶሬሳ፣ ጎማ ወረዳ ያለውን ቡናቸውን ለልጆቻቸው ትተው እኛ ሰፈር የሰፈሩ አዛውንት፣ እንደ አገራቸው ወግ ለዕርቅ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው። ከኋላ አባቴ። ከእነሱ ኋላ እናቴና እትዬ ዙሀራ፣ ሊያስታርቁ ሳይሆን «መንገዳችን ነው» ብለው። ከሁሉም ኋላ እኔ፤ የጦሩ ዋና አዛዥ።

በሩን ሙሴ ሚሎራድ ከፈተው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ አላወቅኩም።

«ግቡ» አለ።

«እንገባለን፣ ግን አንቀመጥም» አሉ አቶ ለይኩን። «ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይሞላለት አይቀመጥም።»

ገብተው ቆሙ። ሲስተር ዝላታ በማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሙሴ ሚሎራድ ደግሞ መሐል ወለሉ ላይ ቆመ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ፣ ሰው ሁሉ የቆመ።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ አንተ እንኳ ተቀመጥ» አሉት አባ ሶሬሳ። «ስንት መንገድ ነድተህ የመጣህ ሰው።»

«አልችልም፣ አባ ሶሬሳ። ዛሬ እንግዳ ካለ እኔ አልቀመጥም።»

ይህን ብሎ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ልማድ ነው ያናገረው።

አባቴ በቀስታ፣ «ሚካኤል የለም ብለህ አልነበር?» አለው።

«የለም። ማንንም አልጠራሁም።»

«በዚህ ቀን ማንም አይጠራም፣ የመጣ ግን ይገባል ያልከን አንተ አይደለህ? ይኸው መጣን።»

አቶ ለይኩን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሠላሳ ዓመት ዳኛ ፊት የቆሙ ሰው ናቸው፤ ነገር ሲስት አይወዱም። «ወደ አቤቱታው እንግባ። ሲስተር ዝላታ የባለቤቷን ምስል ዓይኑን በቀለም እንዳጠፋች፣ በጩቤም ሰባት ጊዜ እንደወጋች፣ የዓይን ምስክር አለ።»

ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ጣሪያው ደስ የሚል ጣሪያ ነበር፤ እሱን ማጥናት ጀመርኩ።

ሲስተር ዝላታ ወደ ውስጥ ገባችና በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ስትገልጠው ያ ሰማያዊ ጎርፍ ነው።

«ወይኒ፣ ያየሽው ይሄን ነው?»

«ይኸው! አላልኳችሁም?» ብዬ ጮህኩ። ጩቤው ለጊዜው ተረሳ።

ሲስተር ዝላታ መስታወቱን አዙራ ጠረጴዛው ላይ፣ በጨርቅ ከተሸፈነው ትልቅ ዳቦ ኋላ አቆመችው።

እትዬ ዙሀራ «ሱብሃነላህ» ስትል ብቻ ሰማሁ። ዓይኖቹ እዚያ ነበሩ፤ አንድም ሽፋሽፍት አልጎደለም። ከኋላቸው ፊቱ፣ ከፊቱ ኋላ ክንፉ፣ ከክንፉ ኋላ ያ ሰማያዊ ሁሉ ሰማይ ሆኖ ተዘርግቷል። ሰይፉም በቀኝ እጁ ነው። ሚካኤል ቀይ ጣሪያ ባለው ቤት ላይ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል፤ ያ ቤት በደብዳቤው ውስጥ የተቃጠለው ነው። ከቤቱ ኋላ ያለው ኮረብታ ግን የአውሮፓ ኮረብታ አይደለም። ጅሬን ነው፤ አናቱ ላይ ቤተ መንግሥቱ ሳይቀር አለ።

መስታወት ላይ የሚሥል ሰው የሚሠራው በጀርባው በኩል ነው። ፊት ለፊት የሚታየው ቀድሞ ይሣላል፤ ሰማይ መጨረሻ ይመጣል። ሠዓሊው እጁ ሥር የሚያየው እያንዳንዱ ነገር በሚቀጥለው ሲሸፈን ነው። ለአባቴ ስትገልጽ የዋለችው ይህን ነበር፤ እኔ ምላሴን ሳወጣ ያመለጠኝ።

ሙሴ ሚሎራድ መስታወቱን ሳይነካ ጣቱን ዓይኖቹ አጠገብ አደረገ።

«ያባቴ ዓይን» አለ።

«ካንተ ፎቶ ነው የወሰድኩት» አለች ሲስተር ዝላታ። «የሳቸው ፎቶ የለኝም።»

አቶ ለይኩን ክሱ እጃቸው ላይ ሲሟሟ ታያቸውና አባ ሶሬሳን ተመለከቱ። አባ ሶሬሳ ሣሩን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

«ልጄ ሚሎራድ» አሉት። «ሥዕሉስ ይሁን። እኛ ግን ቆመናል፣ ጉልበቴም አርጅቷል። አንዲት ነገር ንገረኝና ልቀመጥ። ይቺ ሴት ምን በደለችህ?»

ጭሱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ነው። እትዬ ዙሀራ ከሱቋ ያመጣችውን የስኳር ከረጢት ከእቅፍ ወደ እቅፍ ታመላልሳለች።

«ምንም» አለ ሙሴ ሚሎራድ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ደገመው። «ምንም አልበደለችኝም። አባቴን እሷ አልገደለችም። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ዓይኗን ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ሲስተር ዝላታ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር አለችው፤ አጭር። እሱም በዚያው ቋንቋ መለሰላት። አንዳቸው ለሌላቸው ማስተርጎም ሳያስፈልጋቸው።

ከዚያ ሙሴ ሚሎራድ ክብሪት ፈለገ። አጣ። አባቴ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሻማው ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ስንዴው ግን ከማእድ ቤት ሲወጣ አይቻለሁ። ትናንት የተቀቀለ፣ የተወቀጠ፣ ስኳሩን ብቻ የሚጠብቅ። እትዬ ዙሀራ ከረጢቷን ዘረጋች፤ ለካ መንገዷ የነበረው እዚህ ነው! ዳቦውን ባለቤቱና ሦስቱ ሽማግሌዎች ያዙት። አባ ሶሬሳ «ቢስሚላህ» አሉ፣ አቶ ለይኩን «በስመ አብ» አሉ፣ ሙሴ ሚሎራድ የራሱን አለ፣ ዳቦውም ዞረ።

«አሁን መቀመጥ ይቻላል» ብለው አቶ ለይኩን ፈረዱ። ወንበሩ አልበቃም። እኔ በሩ ሥር የቆመች፣ በቀበቶ የታሰረች ቡናማ ሻንጣ አግኝቼ፣ አጋድሜ ቁጭ አልኩባት። ከፍ ብላ፣ ደልደል ብላ፣ ዙፋን ነበረች። ሁለት ሳህን ስንዴ እዚያ ላይ ጨረስኩ። ለደንበኛ ሳወራ አምስት ነው።

ሲመሽ ሲል ጉስሌው ከብርድ ልብሱ ወጣ። ሙሴ ሚሎራድ ጉልበቱ ላይ አቆመው፣ መግዘግዣውን ክሩ ላይ አሳረፈ፣ መታው። አፉን ግን አልከፈተም። ዜማው ብቻ እየሄደ እየተመለሰ ቤቱን ሞላው። ስለዘነጋው መስሎኝ፣ «ግጥሙ ጠፋው እንዴ?» ብዬ አባቴን ጠየቅኩት። አባቴ ጉልበቴን ቆነጠጠኝ። ያ ግጥም ስለ ምን እንደሚያወራ የተረዳሁት ራሴ ጦርነት በሬዲዮ መስማት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

እንዲህ ነው ያስታረቅኳቸው። ቢያንስ ሃያ ዓመት ያህል እንዲህ ነበር የማወራው።

በሰኔ ለቀው ሄዱ። አብረው። ወደ እሱ ወገንም ወደ እሷ ወገንም አልነበረም፤ ማሽን ጠጋኝና ነርስ ወደምትፈልግ ሦስተኛ አገር። መስታወት መንገድ አይወድም ብለው ሚካኤልን ለአባቴ ተዉለት። አባቴም ዳሩ እንዳይሸረፍ ብሎ ሰፋ ያለ የዋንዛ ፍሬም ሠራለት። ሱቃችን ውስጥ ከያኔ ጀምሮ ተሰቅሏል፤ ስንት ሰው «ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀን መሰላችሁ! ሺህ። መቶ። ብዙ ሰው።

አንድ ቀን፣ ሱቁን ከአባቴ ከተረከብኩ በኋላ፣ ለአንድ የኮሌጅ ተማሪ ሠላሳውን ሽማግሌ እያሰለፍኩለት ሳለ፣ አባቴ ጥግ ላይ ካለው ወንበሩ ሆኖ አቋረጠኝ።

«ወይኒ፣ ያ የተቀመጥሽበት ሻንጣ ባዶ መሰለሽ?»

«ዙፋኔ?»

«የሷ ነበር። ልብሷ ተሞልቶ። ወንድሟ ነይ ብሏት ነበር። ሥዕሉን አስቀምጣለት፣ በዚያ ቀን ልትሄድ ነበር። እሱ አያየኝም፣ የሚያየኝ መስታወቱ ላይ የምሥለው ዓይኑ ብቻ ነው አለችኝ፣ መስታወቱን የቆረጥኩላት ዕለት።»

«ታዲያ አንተ... ቀለሙ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እንጂ።»

«ለምን ሽማግሌ አስነሣህ? የኔ ወሬ ሐሰት መሆኑን እያወቅክ?»

«ወሬሽ ሐሰት ነው። ጠቡ ግን እውነት ነበር። ሰውዬው ዝም ያለ ሰው ነው፤ ዝም ያለን ሰው ሽማግሌ በምን ያስታርቀዋል? ክስ ያስፈልጋል። ክስ ደግሞ ካንቺ የበለጠ ማን ይሠራል?»

ተማሪው ሳቀ። እኔ ለሳምንት ያህል ታሪኩን አላወራሁም። በየሰዓቱ የማወራውን ታሪክ ለሳምንት! ስንዴ ላይ አፍጥጬ፣ አንዲት ሴት ኑሮዋን ያሠረችበት ሻንጣ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ እንደነበር እያሰብኩ።

ዘንድሮ በኅዳር መግቢያ ላይ የዋንዛው ፍሬም ምስጥ ስለበላው በአልሙኒየም ልቀይረው አወረድኩት። ሔራን ምስማሮቹን ነቀለችልኝ። መስታወቱ ሲወጣ፣ ሰፊው እንጨት ሠላሳ ዓመት ሸፍኖት የኖረው ዳር ተገለጠ። የታች ግራ ጥግ ላይ ዛፍ አለ። ዘይቱን ነው፤ ፍሬው ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ዛፉ ላይ አንዲት ልጅ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። ሁለት የፊት ጥርስ የላትም። በሚካኤሉ ዕለት ዳቦው ከፊቱ ስለነበር ማንም አላያትም፤ አባቴም ፍሬሙ ውስጥ ሲያስገባው በፊቱ ደፍቶት ስለነበር ያየው ሰማያዊውን ብቻ ነው።

ከቤቱ ፊት ናት፣ ከሚካኤል ፊት፣ ከሁሉም ፊት። መስታወት ላይ ፊት ያለው ቀድሞ ይሣላል። ሲስተር ዝላታ ከዓይኖቹም በፊት፣ ከምንም በፊት የሣለችው ዛፍ ላይ የነበረችውን ልጅ ነው። ገና ከመጀመሪያው ቀን አይታኛለች ማለት ነው። ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ አላስገባችም። መጋረጃ አልጋረደችም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከበቾ ቦሬ ልጆች ሁሉ ይልቅ አፏ ወሬ በማይቋጥር በአንዲት ልጅ ዓይን ሥር ቁጭ ብላ ቀባች። ሽማግሌ መጥራት ለእሷ ወግ አልነበረም። ያ ቀን ግን እንግዳ የሚጠራበት አልነበረም፤ ወሬ ሰምቶ በራሱ የሚመጣበት ነበር።

መስታወቱን ይዤ አባቴ ወንበር አጠገብ ሄድኩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ምንም ሳልጨምር። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ ምንም ሳልጨምር የተናገርኩት ነገር የለም።

አባቴ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

«ማጋነንሽ ነው» አለ።

«አባዬ፣ እይ። እዚህ ጥግ ላይ።»

ገለጠ። መስታወቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አቀረበው፣ ራቅ አደረገው፣ እንደገና አቀረበው። አውራ ጣቱ ዳሩን ተከትሎ ሄዶ ከዛፉ ሥር ቆመ።

«ቆይ» አለ። «እስኪ መነጽሬን አምጪልኝ።»